ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የት ላይ ተለካ?

(ስለ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችና ስለ ማስታወቂያቸው ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ቁጥር ነው። ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ ስፒከር፣ ፍላሽ ስንገዛ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ስለሚታተመው ቁጥር። ብዙ ሰው «ማስታወቂያ እኮ ውሸት ነው» ብሎ ይገላገላል። እንደዚያ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር፤ የተጻፈውን አለማመን ብቻ ይበቃ ነበር። ከታወቁ ፋብሪካዎች የሚወጣው አብዛኛው ቁጥር ግን እውነት ነው። ጉዱ ያለው እኛ ዕቃውን በማንጠቀምበት ሁኔታ የተለካ መሆኑ ላይ ነው። ስለዚህ ሻጩን «እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው፤ «አዎ» ይላችኋል፣ አልዋሸም። «የት ላይ ተለክቶ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ከፓወር ባንክ እንነሳ። ቦርሳችሁ ውስጥ ካለ አውጡትና ገልብጡት። ፊቱ ላይ በትልቁ 10,000 ወይም 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) ይላል፤ እንደ ልማዳችን ባጭሩ ሚሊ አምፒር እንበለው። ጀርባው ላይ ዓይን በሚያስጨንቅ ጽሑፍ የታተሙ ሁለት መስመሮች ፈልጉ። በአንደኛው ላይ 10,000 ሚሊ አምፒር፣ 3.7 ቮልት፣ 37 ዋት ሰዓት ተብሎ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው «ሬትድ ካፓሲቲ» የሚለው ነው፤ እዚያ ላይ ያው 10,000 ድንገት 6,000 ወይም 6,500 ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ አጠገቡም 5 ቮልት ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው የተለካው ውስጥ ያለው ባትሪ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ገመዳችሁን በምትሰኩበት ቀዳዳ ላይ። እናንተ የምትጠቀሙት ከቀዳዳው ነው፤ ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ባትሪው ነው።

ሚሊ አምፒር ያለ ቮልት መናገር፣ ስንት ጆንያ ጤፍ እንደተጫነ ተናግሮ ጆንያው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ዝም እንደማለት ነው። እኛን የሚጠቅመን ዋት ሰዓት ነው፤ የቤታችን ቆጣሪ የሚቆጥረው የኪሎ ዋት ሰዓት ታናሽ ወንድም። ስሌቱ በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል፦ ሚሊ አምፒሩን በ3.7 አባዙት፣ ለ1,000 አካፍሉት። 10,000 ሲባዛ በ3.7፣ ሲካፈል ለ1,000፣ 37 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ከዚህ ላይ ቮልቱን ከ3.7 ወደ 5 ከፍ የሚያደርገው ሰርኪዩት 15 በመቶ ያህሉን በሙቀት መልክ ይበላል፤ ወደ 31 ዋት ሰዓት ይቀራል። ስልኩም ሲቀበል የራሱን ድርሻ ያቃጥላል፣ ገመዱም እንደዚሁ። በመጨረሻ ባትሪው ውስጥ የሚገባው 27 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የዛሬ ስልክ 5,000 ሚሊ አምፒር ባትሪው በ3.85 ቮልት ሲሰላ 19 ዋት ሰዓት ይሆናል። 27ን ለ19 አካፍሉ፤ 1.4 ይመጣል። «10,000 ለ5,000፣ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይሞላልኛል» ብሎ የገዛ ሰው ሁለተኛው ዙር መሐል ላይ ሲቆምበት ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። ምንም አልሆነም። ስልኩን እያየበት የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ያንሳል፤ የበራ ስክሪን ከሚገባው ላይ ይቀንሳል።

ይህ እንግዲህ የሐቀኛው ፓወር ባንክ ጉዳይ ነው። ገበያው ላይ 50,000 እና 80,000 የሚል ጽሑፍ ለጥፈው የሚሸጡም ሞልተዋል። እነዚህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሚዛን ይበቃል፣ የሽንኩርት ሚዛንም ቢሆን። ሊቲየም ባትሪ ጉልበትን ያለ ክብደት አይይዝም። ሲሊንደር ቅርጽ ያለው፣ 18650 የተባለው የተለመደ ሴል (ነጠላ ባትሪ) ምርጥ ከሚባለው እንኳ 3,500 ሚሊ አምፒር ገደማ ነው የሚይዘው፤ አንዱ ሴል ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። 50,000 ለመድረስ 14 ወይም 15 ሴል መደርደር አለበት። ይህ ያለ ሽፋኑና ያለ ሰርኪዩቱ 700 ግራም ነው። 50,000 ተብሎ የተሸጠላችሁ ዕቃ 250 ግራም ከመዘነ ውስጡ ያለው ከ10,000 ብዙም አይርቅም። በደምሳሳው እውነተኛ 10,000 ከ180 እስከ 250 ግራም፣ እውነተኛ 20,000 ከ340 እስከ 450 ግራም ውስጥ ይወድቃል። ክብደት ለመጨመር አሸዋ ወይም ብረት የሚከትቱ ስላሉ ሚዛኑ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳያል፤ ቀላሉ በእርግጠኝነት ሐሰት ነው፣ ከባዱ ግን ገና አልተረጋገጠለትም።

ለማረጋገጥ «ዩኤስቢ ቴስተር» የሚባል ትንሽ መለኪያ አለ። በፓወር ባንኩና በገመዱ መካከል ይሰካል፣ ያለፈውን ቮልት፣ አምፒርና ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ብዙ ሰው ሲለካ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንዱ፣ የሚሞላው ስልክ ሲሞላ መለካቱን ያቆማል፤ ፓወር ባንኩ ግን ገና አላለቀም። ሁለተኛ ስልክ አዘጋጅታችሁ ቁጥሩን ሳታጠፉ ቀጥሉ። ሌላው፣ ፈጣን ቻርጅ ሲጀምር ቮልቱ ከ5 ወደ 9 ይዘላል፤ ያን ጊዜ ሚሊ አምፒሩ በግማሽ ያህል ያነሰ ይመስላል፣ ሰውም «ተታለልኩ» ይላል። ዋት ሰዓቱን ብቻ አንብቡ። 10,000 የሚለው 30 ዋት ሰዓት አካባቢ ከሰጣችሁ ጥሩ ዕቃ ነው።

በነገራችን ላይ የውሸቱ ቁጥር አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ገዢውን መልሶ ይቀጣዋል። የአየር መንገዶች የጋራ ደንብ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ እንዲያዝ ያዛል፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ችግር ያልፋል፣ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከዚያ በላይ ያለው አይገባም። 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ነው፣ ያልፋል። 27,000 የሚለው እስከ ድንበሩ የተጠጋው ሆን ተብሎ ነው። 50,000 የሚለው ግን በስሌት 185 ዋት ሰዓት ይሆናል። ፈታሹ ባትሪውን ሰብሮ አያይም፣ የሚያነበው ጽሑፉን ነው። ውስጡ 8,000 ብቻ ያለው ዕቃ በጽሑፉ ምክንያት ከዱባይ ወይም ከጅዳ ሲመለሱ ይወረሳል። ጽሑፉ የተፋቀበት ወይም ጭራሽ የሌለበትም እንደዚሁ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ጽሑፉ በቀላሉ የማይለቅ መሆኑን በአውራ ጣታችሁ አሽታችሁ እዩ።

ወደ ስፒከር እንምጣ፤ እዚህ ቤት ማጋነን ጥንታዊ ሥራ ነው። «ፒኤምፒኦ 3,000 ዋት» የሚል ስቲከር የተለጠፈበት ቴፕና ስፒከር ያላየ ሰው የለም። ይህ ፒኤምፒኦ የሚባለው ነገር ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ የለውም። ከሴኮንድ ባነሰች ቅጽበት ሊወጣ ይችላል ተብሎ የሚታሰብ ከፍተኛ ጉልበት በስፒከሩ ብዛት ተባዝቶ፣ ከዚያም ለገበያ ተብሎ ተጨምሮበት የሚጻፍ ነው። የምትፈልጉት «አርኤምኤስ» የሚለውን ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ማለት ነው። ካልተጻፈ ራሳችሁ አውጡት። የስፒከሩን አዳፕተር አንሱና «አውትፑት» የሚለውን መስመር አንብቡ፦ 15 ቮልት፣ 2 አምፒር። ሁለቱን አባዙ፣ 30 ዋት። ከግድግዳ 30 ዋት የሚወስድ ዕቃ ሳያቋርጥ 3,000 ዋት ድምፅ ሊያወጣ አይችልም፤ ማጉያው ጎበዝ ከሆነ 25 ያወጣል። ቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ከሆነ ጀርባው ላይ «ፓወር ኮንሰምፕሽን» የሚል መስመር አለ፤ እሱ ጣሪያው ነው። ባትሪ ያለው ስፒከር ለአጭር ጊዜ ከአዳፕተሩ በላይ ሊያወጣ ይችላል፣ ይህን ልለፈው አልልም፤ ግን የሚበልጠው ለአጭር ጊዜ ነው እንጂ መቶ እጥፍ አይደለም። ለመካከለኛ ሳሎን 20 እውነተኛ ዋት ጎረቤት ያስነሳል።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ ባስ የበዛበት ዘፈን ክፈቱ። ሻጮች ብዙ ጊዜ ባስ የሌለው፣ ጥርት ያለ ዘፈን ይመርጣሉ፤ ዋት የሚበላው ግን ባሱ ነው። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ፣ ወይም ከበሮው በመጣ ቁጥር የዘፋኙ ድምፅ ሲሰጥም ከሰማችሁ ማጉያው አቅሙ አልቋል ማለት ነው።

ቻርጀር ላይ ብዙ አልቆይም። 67 ዋት፣ 120 ዋት የሚባለው ባትሪው ባዶ አካባቢ ሳለ፣ ስልኩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ከካርቶኑ በወጣው ቻርጀርና ገመድ፣ ለጥቂት ደቂቃ የሚገኝ ጫፍ ነው። ባትሪው ሲሞላ ሰርኪዩቱ ሆን ብሎ ይቀንሳል፤ ካልቀነሰ ባትሪው ይጎዳል። ለዚህ ነው ማስታወቂያዎች «በ15 ደቂቃ 50 በመቶ» የሚሉት፤ የመጀመሪያው ግማሽ ፈጣኑ ነው፣ ሁለተኛው ግማሽ ሌላ 15 ደቂቃ አይበቃውም። ገመዱ ከጠፋ በኋላ ከመንገድ በተገዛ ገመድ ያው 120 ዋት ቻርጀር ወደ 10 ወይም 18 ዋት ሊወርድ ይችላል፤ ብዙ ፋብሪካዎች የራሳቸውን ቋንቋ ስለሚጠቀሙ ስልኩና ቻርጀሩ ካልተግባቡ ወደ ዝቅተኛው ይመለሳሉ። ታይፕ ሲ ገመድ ከ3 አምፒር በላይ እንዲያሳልፍ ጫፉ ውስጥ መለያ ቺፕ ያስፈልገዋል፤ ርካሹ የለውም። ሁለት ሦስት ቀዳዳ ያለው «65 ዋት» ቻርጀር ደግሞ 65 የሚሰጠው አንድ ብቻ ሲሰካ ነው። ሁለተኛ ሲጨመር ይከፋፈላል፤ አከፋፈሉ ጀርባው ላይ ተጽፏል።

ካሜራ። እዚህ ላይ ማስታወቂያ ሠሪዎቹም ራሳቸው ተይዘዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ኖኪያ ሉሚያ 920 የተባለው ስልኩ ሳይንቀጠቀጥ ቪዲዮ እንደሚቀርጽ ለማሳየት ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶችን አቀረበ። ተመልካቾች በመስታወት ላይ የወደቀውን ጥላ ሲያጤኑ በመኪና ውስጥ ትልቅ ካሜራ የያዘ ቀራጭ ታየ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሁዋዌ ፒ9 ስልኩን ሲያስተዋውቅ የለጠፈው ፎቶ በውስጡ የቀረው መረጃ በካነን 5ዲ ማርክ 3 ካሜራ እንደተነሳ አሳበቀ። በ2018 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ በሠራው የኖቫ 3 ማስታወቂያም፣ በስልኩ እንደተነሳ የቀረበው ፎቶ በትልቅ ካሜራ ሲነሳ የሚያሳይ የዝግጅት ፎቶ ተዋናይቷ ራሷ ኢንስታግራም ላይ ለጠፈችው። እንዲህ ያለው ነገር የሚያዝናና ነው፤ ግን ከዚያ ይልቅ በየቀኑ የሚያታልለን ሜጋፒክስሉ ነው።

108 ሜጋፒክስል የተባለ ስልክ በተለምዶ የሚያስቀምጥላችሁ ፎቶ 12 ሜጋፒክስል ነው። ዘጠኝ ትንንሽ ነጥቦችን አዋህዶ አንድ ያደርጋል፤ 50 የሚለው አራት አራቱን፣ 200 የሚለው አሥራ ስድስት አሥራ ስድስቱን። ሁሉም መጨረሻቸው 12 አካባቢ ነው። ይህ ተንኮል አይደለም፣ በደብዛዛ ብርሃን የተሻለ ፎቶ ይሰጣል። ሙሉውን ቁጥር ለማግኘት በካሜራው ውስጥ ለብቻ ያለውን ሁነታ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ፋይሉ ይገዝፋል፣ ማታ ማታ ደግሞ ፎቶው በነጠብጣብ ይበላሻል። ለንጽጽር፣ ፎርኬ ቴሌቪዥን ጠቅላላ ነጥቡ 8.3 ሚሊዮን ነው። በስልክና በቴሌግራም ለሚታይ ፎቶ ከ12 በላይ ያለው ትርፍ ነው።

ከዚህ ይልቅ ጠቃሚው የሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ቺፕ፣ መጠን ነው፤ በካርቶኑ ላይ ግን እምብዛም አይጻፍም። ኢንተርኔት ላይ የስልኩን ሞዴል ፈልጋችሁ 1/1.56 ወይም 1/2.76 የመሰለ ክፍልፋይ እዩ፤ የታችኛው ቁጥር ባነሰ ቁጥር ሴንሰሩ ይተልቃል፣ ብርሃንም ይሰበስባል። ከኋላ የተደረደሩትን ክቦች ደግሞ አትቁጠሩ። ርካሽ ስልኮች ላይ ካሉት ሦስትና አራት «ካሜራዎች» አንዱ ሁለቱ 2 ሜጋፒክስል የሆኑ፣ «ማክሮ» እና «ዴፕዝ» የተባሉ ማሟያዎች ናቸው። አንዳንዱ ላይማ ክቡ ጌጥ ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ በር ላይ ቆሞ ፀሐይ ያረፈበትን ነገር ፎቶ ማንሳት ምንም አይነግራችሁም፤ የሁሉም ስልክ ፎቶ ፀሐይ ላይ ያምራል። ብርሃን ወዳነሰው የሱቁ ጥግ ዙሩና ጓደኛችሁ እጁን እያወዛወዘ አንሱት፣ ከዚያም ጣቶቹን አጉልታችሁ ቁጠሩ። ቪዲዮ እየቀረጻችሁ አሥር እርምጃ ሂዱ። የፊት ካሜራውን ጀርባችሁን ለመስኮቱ ሰጥታችሁ ሞክሩ፤ ጠቆር ያለ ፊት ከኋላው ብርሃን ሲኖር ጥቁር ሆኖ የሚቀርበትን ስልክ ለይታችሁ የምታዩት እዚያ ላይ ነው።

ሚሞሪና ራም (ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሚሞሪ) ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ ጥንቃቄ የሚፈልግ፣ ሌላው ሌብነት። 128 ጊጋ ስልክ 119 ብሎ ቢያሳይ ማንም አልሰረቃችሁም፤ ፋብሪካው በ1,000 ሲቆጥር ሶፍትዌሩ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው፤ ሲስተሙ ደግሞ በላዩ የራሱን ቦታ ይይዛል። «16 ጊጋ ራም» ብሎ በትንሹ «8+8» የሚለው ግን ጠንቀቅ ይፈልጋል። ሁለተኛው 8 ከማከማቻው ላይ የተዋሰው ነው፤ ከእውነተኛው ራም በብዙ እጥፍ ይዘገያል፣ 128 ጊጋችሁንም ይቀንሳል። አፕሊኬሽን ብዙ ከፍታችሁ ስልኩ ሲንቀራፈፍ ባሕርዩ የ8 እንጂ የ16 አይሆንም። ዋጋውን ከሌላ 8 ጊጋ ስልክ ጋር አነጻጽሩ።

ሌብነቱ ያለው 1 ቴራ እና 2 ቴራ ተብሎ በ64 ጊጋ ዋጋ የሚሸጠው ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ 16 ወይም 32 ጊጋ ነው፤ መቆጣጠሪያው ግን 2 ቴራ ብሎ ለኮምፒውተሩ እንዲናገር ተደርጓል። የመጀመሪያው 32 ጊጋ በሰላም ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ሁሉ በቀድሞው ላይ ይጻፋል ወይም የትም አይደርስም፤ የፋይሉ ስም ግን ይታያል። የሠርግ ቪዲዮ ስሙ ኖሮ አልከፈት ሲል ባለቤቱ ቫይረስ ነው ይላል። ለመፈተን ዊንዶውስ ላይ «ኤችቱቴስት ደብሊው»፣ ሊኑክስና ማክ ላይ «ኤፍ3» የተባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ካርዱን ጥግ እስከ ጥግ ይጽፉበትና መልሰው ያነባሉ። 64 ጊጋ በሴኮንድ 10 ሜጋ የሚጽፍ ከሆነ መጻፉ ብቻ ወደ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አይሞከርም፤ በገዛችሁበት ቀን ማታ፣ ምንም ሳትጭኑበት አድርጉት።

ውኃን በሚመለከት አጭር ነው። «አይፒ68» የተባለው ውኃና አቧራ የመቋቋም ደረጃ የተፈተነው ንጹሕ፣ ጨው አልባ፣ ረግቶ በቆመ ውኃ ውስጥ፣ አዲስ ስልክ ላይ ነው። ሳሙና፣ የመዋኛ ገንዳ ክሎሪን፣ የባሕር ጨውና የሻወር እንፋሎት እዚያ ውስጥ የሉም። ማሸጊያው ጎማም በወደቀ ቁጥር፣ በተለይ ደግሞ ስክሪን ሲቀየር ይላላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አፕልን በዚሁ ማስታወቂያ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ ከቅጣቱ ምክንያቶች አንዱ ማስታወቂያው ውኃ ይቋቋማል እያለ ዋስትናው በውኃ የደረሰን ጉዳት አለመሸፈኑ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳምሰንግ አውስትራሊያ ውስጥ ስልኮቹን ገንዳና ባሕር ውስጥ በማሳየቱ 14 ሚሊዮን የአገሪቱን ዶላር ከፍሏል። በ2018 እ.ኤ.አ. የተያዘው ሌላው ዘዴ ደግሞ ፍጥነትን የሚመለከት ነበር፦ አንዳንድ የሁዋዌ ስልኮች የፈተና ፕሮግራም እንደተከፈተባቸው አውቀው ለዚያ ብቻ ጉልበታቸውን ሲለቁ ተገኝተው «ስሪዲማርክ» ከተባለው የፍጥነት መፈተኛ ፕሮግራም የደረጃ ሰንጠረዥ ተሰርዘዋል።

የሚታመን ቁጥር የት ይገኛል ለምትሉ፣ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት በስልኮች ላይ ፍሪጅ ላይ እንደሚለጠፈው ያለ መለያ እንዲለጠፍ ግዴታ አድርጓል። ባትሪው በአንድ ሙሌት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ስንት መቶ ጊዜ ሞልቶ እስከ 80 በመቶ እንደሚወርድ፣ ሲወድቅ ምን ያህል እንደሚችል፣ ለጥገና ምን ያህል እንደሚመች ይናገራል። ጥሩነቱ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሙከራ መለካታቸው ነው፤ መረጃውም ማንም ሊያየው በሚችል ድረ ገጽ ላይ በሞዴል ቁጥር ተቀምጧል። አዲስ አበባ ላይ የምትገዙት ስልክ እዚያ ካለ ማየት ነው፤ የንግድ ስሙ አንድ ሆኖ የሞዴል ቁጥሩ ከተለየ ግን ሌላ ስልክ ነው።

ውጭ ካለ ዘመድ ለምታስመጡ ደግሞ የሞዴል ቁጥሩ ይበልጥ ያስፈልጋል። አሜሪካ የሚሸጥ አይፎን ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የለውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በተገጠመ ዲጂታል ሲም፣ ብቻ ነው የሚሠራው። አይፎን 17 ላይ ይኸው ነገር ወደ ሳውዲና ኤምሬትስም መጥቷል። ለእናቱ ስልክ የሚልክ ሰው ሲሟን የት ታስገባው እንደሆነ ሳይጠይቅ መላክ የለበትም። ከአሜሪካ ቴሌኮም በወርሃዊ ክፍያ የተወሰደ ስልክም ሒሳቡ ተዘግቶ ካልተከፈተ እዚህ ሌላ ሲም አይቀበልም። ቻርጀሩ አያሳስብም፣ «ኢንፑት 100–240» የሚል ከሆነ በ220 ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚለው የፀጉር ማድረቂያ ግን ከተሰካ በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል።

መጨረሻ ላይ የሱቁ ነገር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ግን ማስታወቂያውን ሰምቶ የሄደ ሰው እጁ ላይ ምንም ማስረጃ የለውም። ደረሰኝ ላይ «ሞባይል 1» ተብሎ ከተጻፈ ስለ ምን ዓይነት ሞባይል እንደተነጋገራችሁ ማንም ሊያውቅ አይችልም። *#06# ደውሉ፣ የሚወጣው አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያም ሻጩ የሞዴል ቁጥሩን፣ አይኤምኢአዩን፣ ራሙን ሲጽፍ «8» ብሎ፣ ፓወር ባንክ ከሆነም «37 ዋት ሰዓት» ብሎ በደረሰኙ ላይ እንዲያሰፍር ጠይቁት። ካርቶኑ ላይ 80,000 ብሎ ለጥፎ ደረሰኝ ላይ ጻፍ ሲባል ብዕር የጠፋበት መስሎ የሚፈልግ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ የሚቀጥለው ሱቅ ግቡ።